ጎላው ለቅሶ ሄዷል

ጎርፉን ይቅር ብዬዋለሁ። ውኃ ነው፤ ዘነበ፣ በአምቡሊ ወንዝ በኩል ሞልቶ ወረደ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ባገኘበት ሁሉ ገባ። የማን ቤት ነው ብሎ አልጠየቀም፣ ፎቶ አንሺ ይዞም አልመጣም። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈሉት ከጎርፉ በኋላ ሊያቋቁሙን የመጡት ናቸው። ወዳጆቼ «ያለፈ ነገር ነው፣ ምን ያንገበግብሻል?» ይሉኛል። አላለፈም። ያለፈ ነገር በየእሑዱ ስልክ አይደውልም።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከድሬዳዋ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ተዛውሮ መጣ፣ ያ ጥቂት ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ሆነና እዚሁ ተቀበረ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ከተዘጋ ወዲህ ሐዲዱን አሸዋ እየበላው ነው። እኛ ግን አልተበተንንም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ሶማልኛ፣ ቢሮ ፈረንሳይኛ እየተናገርን ኖረናል። እኔ ስናደድ የሚቀናኝ ሶማልኛ ነው፤ ጎረቤቶቼ ይህን ስለሚያውቁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሶማልኛ ስጀምር ልጆቻቸውን ወደ ቤት ያስገባሉ።

የባቡር ሰዎች ካቆሟቸው ነገሮች ሁሉ ያልፈረሰው እድሩ ነው። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የቆርቆሮ መጋዘን ነበረው፤ በውስጡ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሳፋዎችና ሦስት ጎላዎች። ጎላ ስል የቤት ድስት እንዳይመስላችሁ። ትልቁን ለማንሳት ሁለት ጎበዝ ያስፈልጋል፣ ለማጠብ ደግሞ ሰው ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ መክተት አለበት። ከውጪ ጥቀርሻው ስንት ትውልድ እንደቀበረ ይመሰክራል፣ ከውስጥ ግን እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ሰው ደግሞ በየቀኑ አይሞትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎላዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈተው ይቀመጡ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩ ሴቶች ለእድሩ ዳኛ አመለከቱና ለቅሶ በሌለበት ቀን በጎላዎቹ ምሳ እየሠራን እንሽጥ አሉ። ዳኛው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፤ የሞት ዜና የተሰማ እንደሆነ ምንም ነገር እሳት ላይ ቢኖር ጎላዎቹ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳሉ። በእጃቸው መጋዘኑን እያመለከቱ «መጀመሪያ የሟች ናቸው፣ የተረፋቸውን እናንተ ትበሉበታላችሁ» አሉ ይባላል። ይህ ቃል በእኔ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አልታጠፈም።

ምሳችንን የሚበሉት የወደብ ተሸካሚዎች፣ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ባሉ ሱቆች የሚሠሩ ልጆች፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚወርዱ የኤምባሲ ዘበኞችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። በዚህ ከተማ ምሳ የቀትሩ ጫት ሳይደርስ ካልተሸጠ አለቀለት። ጫቱ ከደረሰ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ታቁላላለች፣ አንዷ ታማስላለች፣ ሶማልኛና አፋርኛ የሚቀናት በር ላይ ቆማ ትቀበላለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ያገኘነውን እኩል እንካፈላለን፣ ለእድሩም እናስቀራለን። ደንበኞቻችን መጥተው መጋዘኑ ተዘግቶ አመዱ ቀዝቅዞ ካገኙት አይቆጡም፤ «ጎላው ለቅሶ ሄዷል» ብለው ይመለሳሉ። አንዳንዱማ የት እንደሆነ ጠይቆ ጎላውን ተከትሎ ይሄዳል፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ይበላል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር አማርኛ የማያውቁ የሶማሌ ተሸካሚዎች ነበሩን፤ እነርሱም ዝግ በር ሲያዩ እርስ በርሳቸው «ጎላው ለቅሶ ሄዷል» ይባባላሉ።

ይህን ሁሉ የምታስጽፈኝ ያቺ ልጅ የመጣችው ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ነው። ስሟን አልጽፍም፣ የት እንዳለች ስለማላውቅ በስሟ ክፉ ነገር እንዲደርስባት አልፈልግም። በጣቢያው ግንብ ሥር ወደ የመን መሻገሪያ ጀልባ የሚጠብቁ ወጣቶች ሁልጊዜ አይጠፉም፤ ደላላው እስኪጠራቸው ጥላው እንደዞረ እየዞሩ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ ጋር ነበረች። አንድ ጠዋት ውኃ ልትለምን ወደ እኛ ገባች። ውኃው ሊቀዳላት እየጠበቀች ሳለ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ አሸተተችና ሳትጠይቅ ማማሰያውን ከምታማስለው ሴት እጅ ቀማቻት።

«ሥሩ እየያዘ ነው» አለች።

«ደግሞ አንቺ ማን ነሽ?» አልኳት በቁጣ።

«ወሎ ዳቦ ቤት ነበረኝ» አለች፣ ማማሰሏን ሳታቆም። «የተቃጠለ ነገር ከሩቅ ነው የሚሸተኝ።»

ምስሩ ከመቃጠል ተረፈ። እሷም በማግስቱ መጣች። ዳቦ ቤቷን የተዋጊዎቹ መድፍ እንዳፈረሰው፣ ከመድፉ የተረፈውን ምጣድና ዱቄት ሰው እንደዘረፈው፣ አንዲት ሴት ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ በአፋር በረሃ እንደወጣች ቀስ በቀስ ነገረችን። ለቅሶም ሆነ ምሬት በቃሏ አልነበረም። እንዲያው ስታወራ እጇ ባዶ ከሆነ ዝም ትላለች፤ ሳፋ ወይም ሽንኩርት ከሰጠሻት ትቀጥላለች።

ደላላው ልጆቹን የጠራበት ቀን ጎላው ለቅሶ ሄዶ ነበር። የአንድ የባቡር ሠራተኛ ባለቤት አርፋ ሁላችንም እዚያ ነን፣ እሷም ትልቁ ጎላ ላይ ቆማ ታማስላለች። አብሯት የመጣው ልጅ ሮጦ መጥቶ «ቶሎ በይ፣ መኪናው ወደ ጀልባው፣ ወደ ኦቦክ ሊነሳ ነው» አላት። ጎላውን አየች፣ እሱን አየች። «ይሄን ሁሉ ለቀስተኛ ጥዬ እንዴት ልሂድ?» አለችው። ልጁ እየተራገመ ሄደ። እሷ ቀረች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ጓዳ ውስጥ አደረች።

አንድ ነገር ቃል ገባሁላት። ሥራሽን ያዢ፣ እኔ ደግሞ ለልጅሽ ትምህርት ቤት አነጋግራለሁ፣ እዚሁ ታመጫታለሽ አልኳት። ልጅቷ ያን ጊዜ ጥርሷን የምትለውጥ ነበረች። ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ፣ እኔም አንዳንዴ እጨመራለሁ። እናቷ ሥራ የሌለበትን ቀን «ዛሬ ጎላው ለቅሶ ሄዷል» እያለች ስለምትነግራት ሕፃኗ ጨዋታ አደረገችው። ስልኩን ገና እንዳነሳን ሰላምታዋ እሱ ሆነ። «ዛሬ ጎላው አለ?» ትላለች። አለ ካልናት ትስቃለች፤ እናቷ ደህና ናት፣ ሥራ አለ፣ እሷም ወደ ጅቡቲ ልትመጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። ዝናብ በማያውቅ ከተማ ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። የእድሩ መጋዘን ግድግዳው ተገነደሰ፣ ድንኳኑ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ፣ አግዳሚዎቹ ወደ ባሕሩ ሄዱ። ከጎላዎቹ አንዱን ብቻ አገኘነው፣ እሱም ቂጡ ተሰንጥቆ ነበር። ተቀምጠን አለቀስን፣ አልዋሽም። ከዚያ ተነሥተን ጭቃውን ዛቅን። በማግስቱ ሾፌሮቹ መጥተው አካፋ ያዙ፤ አንዱ «ድሬዳዋ ጎላ እንግዛና በነፃ ጭኜ አመጣላችኋለሁ» አለ። መዋጮ ልንጀምር ተስማምተን ነበር። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። ተስማምተን ነበር።

የእርዳታ ድርጅቱ የመጣው ያኔ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ባለ አዳራሽ ሰበሰቡን፤ የአየር ማቀዝቀዣው ከመበርታቱ የተነሣ ነጠላችንን ተከናንበን ተቀመጥን። ጎርፍ ያፈናቀለውንም ጦርነት ያፈናቀለውንም በአንድነት መልሰን እናቋቁማለን አሉ። ደስ አለን። አስተባባሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አጎንብሶ ሰላም ይላል። ምን እንደሚያስፈልገን ሲጠይቅ ሁላችንም በአንድ አፍ ተናገርን። ሁለት ጎላና ጣሪያ።

ፊቱ ጭምድድ አለ። «እትዬ፣ ድጋፉ ለግለሰብ ነው። ለማኅበር አይሰጥም። እድር ደግሞ የቀብር ጉዳይ ነው፣ የገቢ ምንጭ ተብሎ አይያዝም።»

«እናትህ እድር የላትም?» አልኩት።

«አላት።»

«ታዲያ?»

«የእናቴንም እድር አይረዱም» አለና ወደ መሬት አየ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእሱ ላይ እንዴት እንደምናደድ አላወቅሁም። የማያውቅ ሰው ቢሆን ቁጭ አድርጌ አስረዳው ነበር። ይሄ ያውቃል! እያወቀ ነው የሚያደርገው። ከበላዩ ያሉትን አስረድቷቸው እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር» አለኝ። አንድ ጊዜ! እኔ የሰፈራችን ውኃ ቧንቧ እንዲጠገን ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ?

ለእያንዳንዳችን ባለ አንድ ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ድስትና የድርጅቱ ምልክት ያለበት ሽርጥ ሰጡን። ድስቱ አራት ሰው ቢያጠግብ ነው። ከዚያ ሥልጠና አለ ተባለ፣ ሥልጠናው ደግሞ ልክ በምሳ ሰዓት ነው፤ ምሳ እንዴት እንደሚሸጥ ሊያስተምሩን ምሳ እንዳንሸጥ አደረጉን። አሠልጣኟ ደግ ሴት ነበረች፣ ነገር ግን የምትለው አንድ ነገር ነው። «ከጎረቤትሽ የምትለዪበትን ነገር ፈልጊ፣ ደንበኛው ከእሷ ይልቅ አንቺን እንዲመርጥ አድርጊ።» ዙሪያዬን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ናት። ከእሷ የምለይበትን ነገር ለመፈለግ ነው እንግዲህ ዕድሜዬን የኖርኩት?

ምድጃዎቻችንን ይዘን በጣቢያው ግንብ ሥር ተደረደርን። ሁላችንም ምስር፣ ሁላችንም ሽሮ። ደንበኛው ያው የድሮው ደንበኛ ነው፣ አልጨመረም። ሰውየው ሲመጣ በፊት «ግባ» ይባል የነበረው አሁን ከየአቅጣጫው በእጅ ይጎተታል። ምስኪን ተሸካሚዎች! የአንዷን በልተው ሌላዋን ማየት እያፈሩ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ። አንዷ የሌላዋን ሽሮ «የከረመ ነው» ብላ ስታማ ሰማኋት። ሁለት አበልጆች መነጋገር አቆሙ። እኔም አላመልጥም፣ አንድ የኤምባሲ ዘበኛ ከአጠገቤ ካለችው ሲገዛ አይቼ ቀኑን ሙሉ ፊቴን አጥቁሬባት ዋልኩ። በጎርፉ ጊዜ ጭቃውን አብረን የዛቅን ሴቶች ነን። ውኃው ያልለያየንን ምድጃ ለያየን።

ያቺ ልጅ ደግሞ ከሁላችን በታች ወደቀች። ፈረንሳይኛ አታውቅም፣ ሶማልኛዋ ገና «ውኃ» እና «ነገ» ላይ ነው፣ ደንበኛ ጠርታ አታውቅም። በጋራ ስንሠራ ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ እሷ ታማስላለች፣ ሌላዋ ትጠራለች። አሁን ግን በሯ እሷው፣ አፏም እሷው፣ እጇም እሷው ናት። ወደ እሷ የሚመጡት ጀልባ የሚጠብቁት ልጆች ብቻ ሆኑ። እነርሱ የሚከፍሉት የላቸውም፣ እሷም ባዶ ሆዳቸውን እያየች ክዳን መግጠም አትችልም። ጋዙ ሲያልቅባት ለማስሞላት ተቸገረች። «ነይ ከእኔ ጋር እንሥራ» አልኳት።

«የእርስዎን ደንበኛ ልሻማ? አይሆንም እትዬ» አለችኝ።

አሠልጣኟ ደንበኛ የየግል ነው ብላ ያስተማረችውን በደንብ የተማረችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ የጎረቤት ደንበኛ የጎረቤት ነው ብላ አመነች።

አንድ ቀን ድርጅቱ ፎቶ አንሺ ላከ። እንግዲህ መልኳ ያማረ ነው፣ ጥርሷም እንዲሁ። ከሁላችን መርጦ እሷን ምድጃዋ ጀርባ አቆማት። ጭልፋውን ከፍ አድርጊና ሳቂ አላት፣ አስተባባሪው ተረጎመላት። ዘወር ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልሳቅ?» አለች። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ጥያቄዋ አሳቀኝ፤ ስስቅ አይታ እሷም ሳቀች። ሰውዬው ያን ሳቅ አነሣው። ድስቱ ውስጥ የነበረው ሳይሸጥ የዋለ ምስር ነው።

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ አረፉ። የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነበሩ፣ ከባቡር ሰዎች በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው። የሞታቸው ዜና የመጣው ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ድስቷን በጣደችበት ሰዓት ነው። እየሮጥኩ በግንቡ ሥር አለፍኩ፣ «ዳኛው አረፉ፣ ተነሡ!» እያልኩ። አንዷ ደረቷን መታች፣ ግን ምድጃዋን አላጠፋችም። «ይቺን ሸጬ እመጣለሁ» አለች። የሚቀጥለዋም «ይቺን ብቻ» አለች። በልጅነቴም በጎልማሳነቴም ያንን ቃል ሰምቼው አላውቅም። ጋዝ እየነደደ ነው፣ ያልተሸጠ ምሳ ነገ ምድጃውን አያስነሣም፣ ገባኝ። ቢገባኝም ይቅር አልልም።

ከግንቡ ሥር ምድጃዋን ያጠፋችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት። የጋለውን ድስት በሽርጧ ይዛ፣ ጣቷ እየተቃጠለ፣ ከእኔ ጋር ወደ ዳኛው ቤት ሮጠች። ድንኳን የለም። ለቀስተኛው አንሶላ በገመድ ወጥሮ በዚያ ፀሐይ ሥር ተቀምጧል። ድስቷን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና ማደል ጀመረች፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እንኳ ሳይዳረሱ አለቀ። ባዶውን ድስት ይዛ ቆመች። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ አንዲት የሶማሌ እናት ከቤታቸው ሩዝ በትልቅ ትሪ አስይዘው መጡና ሰዉን አበሉልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እኔ ግን አንገቴን መሬት ውስጥ ብቀብረው ደስ ባለኝ። አንድ የቀድሞ ደንበኛችን፣ የወደብ ተሸካሚ፣ እንደልማዱ ጎላውን ፍለጋ መጥቶ ነበር። ዙሪያውን አየና በዚያችው በሚያውቃት አማርኛ «ጎላው?» አለኝ።

ሴቶቹ ጫቱ ከደረሰ፣ ከተማው ከተኛ በኋላ የተረፋቸውን በየድስታቸው ይዘው መጡ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም፣ ግማሹ ሶማልኛ ነው። የዳኛው ባለቤት እጄን ያዙና «ተያቸው ልጄ፣ አፍረዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አፍረው ነበር።

በሰልስቱ ተነጋገርንና አንድ ሆንን። ምድጃዎቹ እስከ ፕሮጀክቱ መጨረሻ አይሸጡም፣ አይለወጡም የሚል ሕግ ነበር። ሕጉን ሰማነው፣ ከዚያ ምድጃዎቹን ከባድ መኪና ላይ ጫንናቸው። ያ ሾፌር ድሬዳዋ ወስዶ በጎላ ሊለውጥልን ነው። የእሷን ምድጃ ብቻ አስቀረንላት፣ ጎላው እስኪመጣ ጓዳዋ እንዳይጎድል። «ጥቂት ታገሺ፣ ጎላው መንገድ ላይ ነው» አልኳት። «እሺ እትዬ» አለችኝ። ጎርፉ የቆረጠው መንገድ ግን ገና እየተጠገነ ነበርና መኪኖች ተሰልፈው ቆሙ። ሾፌሩ ሲደውል ነገ ይላል፤ ነገ ይደውልና ነገ ይላል።

ደላላው ነገ አይልም። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምድጃዋ ታጥቦ፣ ሽርጧ ታጥፎ ላዩ ላይ ተደርጎ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጓዳዋን አየሁ፣ ጫማዋ የለም። ወደ ጣቢያው ግንብ ሮጥኩ፣ ከልጆቹ አንድም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ የምትልለት ጎላ አልነበራትም። ጎላውን የጫነው መኪና ያ ሳምንት ሳያልቅ ገባ።

የመዝጊያ በዓል ተብሎ እዚያው ብርዳም አዳራሽ ተጠራን። ስገባ ግድግዳውን የሸፈነ ትልቅ የፕላስቲክ ሸራ ተሰቅሏል፣ እሷ ናት። ጭልፋዋን አንሥታ ትስቃለች፣ ከሥሯ በፈረንሳይኛ «እንደገና ቆምን» የሚል ተጽፏል። አስተባባሪው አጠገቤ መጥቶ «እትዬ፣ ስለ ምድጃዎቹ ባይነሣ…» አለኝ። የድርጅቱ ኃላፊ ስለ ስኬታችን ረጅም ንግግር አደረገች። ሐሳብ ያለው ሲባል ተነሣሁ። ሶማልኛ እንዳያመልጠኝ ምላሴን ነክሼ በጥሩ ፈረንሳይኛ ተናገርኩ። «ይህች ሴት ጠፍታለች። ባሕር ከመሻገር አንድ ጎላ አስቀርቷት ነበር። ጎላውን ለመንናችሁ፣ እናንተ ግን ምድጃ ሰጣችሁን። ምድጃው ቤቴ ነው፣ እሷስ የት ናት?»

ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ስለ ጠቃሚ አስተያየቴ አመሰገነችኝ፣ ምሳ በጎን በኩል ተዘጋጅቷል አለች። ሰው ወደ ምሳው ተነሣ። ይኼው ነው! ይኼን ነው ይቅር የማልለው! ቢቆጡኝ፣ ቢያስወጡኝ፣ አንዱ እንኳ ደንግጦ ሳህኑን ቢያስቀምጥ ኖሮ ሰው ናቸው እል ነበር። ወንበር ጎትቼ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁና ወጥቼ የሸራውን አንድ ጫፍ ፈታሁ። ሌላውን ጫፍ ማን እንደፈታው ዞሬ ሳይ አስተባባሪው ነው። አጣጥፎ ሰጠኝ።

ሸራው አሁን የማዕድ ቤታችን ጣሪያ ነው። ፊቷ ወደ ታች፣ ወደ ጎላው ነው። ሴቶቹ ታርቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ታቁላላለች፣ ደንበኞቹም ተመልሰዋል። ሰው ሲሞት ጎላው ይሄዳል። ከእሷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየመን በኩል፣ በማላውቀው ወንድ ስልክ ተደውሎልኛል። «ተሻግሬያለሁ፣ ለልጄ ጅቡቲ ነኝ በይልኝ» አለች። በድንጋጤዋ «በይልኝ» አለችኝ፣ አንድም ቀን አንቺ ብላኝ የማታውቅ ልጅ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

ወራት አለፉ። ሰሞኑን ሴቶቹ ተነጋግረው ጠብቀው መጡ፣ በቅን ልብ ነው፣ አውቃለሁ። «እርም እናውጣላት» አሉኝ። «ድንኳን ተውሰን እንትከል፣ ጎላው ይውጣ፣ ሰው ነበረች።» ጎላው እሳት ላይ ነበር። ከፊቱ ቆምኩ። «ሬሳዋን አይታችኋል? የሞተች ያላችሁ አለ?» አልኳቸው። «ለእሷ ጎላ አይወጣም። እዚህ ድረስ መጥተው እርሟን ያውጡላት፣ ጎላ አያስፈልግም ያሉት የድርጅቱ ሰዎች።» ማማሰያውን የያዘችው ሴት አለቀሰች፣ ማማሰሏን ግን አላቋረጠችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬ ጮኸ። ትንሿ ልጇ ናት፣ የአያቷን ስልክ ይዛ። ጥርሶቿ ሁሉ ሳይበቅሉላት አይቀርም፣ ድምፅዋ ጠርቷል። እናቷን አልጠየቀችኝም፣ መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዛሬ ጎላው አለ?»

«አለ ልጄ» አልኳት። «እሳት ላይ ነው።»